ቧንቧው ሁሉ ጋሼ ጭንቅላት ውስጥ ነበር

ይህን ንግግር ያቀረብኩት ሐዋሳ ውስጥ ለተሰበሰቡ የፋብሪካ የጥገና ሠራተኞች፣ ኦፕሬተሮችና የሺፍት ኃላፊዎች ነው። ወደ ጽሑፍ ስመልሰው አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ። መድረክ ላይ ሰዓት አልቆብኝ የዘለልኩትን ደግሞ መልሼ አስገብቻለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ምሳ ላይ ዓሣ እንደበላችሁ አይቻለሁ። እንቅልፍ እየታገላችሁ እንደሆነም አያለሁ። ስለዚህ በጥያቄ ልጀምር። ፋብሪካችሁ ውስጥ የትኛው ቧንቧ ምን እንደሚይዝ አንድ በአንድ የሚያውቅ ሰው ያላችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ።

አያችሁ? ከግማሽ በላይ ናችሁ። አሁን ደግሞ ያ ሰው ዛሬ ሌሊት ሥራ የሚገባ ከሆነ ብቻ እጃችሁን አታውርዱ።

ሦስት እጅ ቀረ።

እኔ ሥራ የጀመርኩት አንድ የመጠጥ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ስሙ ይቅር። እዚያ አንድ አንጋፋ ቴክኒሻን ነበሩ። ሁላችንም «ጋሼ» ብቻ ነበር የምንላቸው። ቧንቧውን በእጃቸው ጀርባ ዳሰስ ያደርጉና «ይሄ የስቲም መመለሻ ነው፣ ያኛው የጉድጓድ ውሃ ነው» ይላሉ። ስቲም የምንለው እንፋሎቱን ነው። አይሳሳቱም። ኃላፊዎቹም በሳቸው ይኮሩ ነበር። የቧንቧ ፕላን የት አለ ተብለው ሲጠየቁ «ጋሼ አሉልን» ነበር መልሳቸው።

አንድ ሌሊት ጋሼ ለቅሶ ደርሰው ይርጋለም አደሩ። እኔ ሥራ ከጀመርኩ ገና አራት ወሬ ነው፣ የሌሊት ሺፍት ነኝ። መስመሩ በኮስቲክ ሶዳ እየታጠበ ነበር። የማታውቁት ካላችሁ፣ ታንኩና ቧንቧው ሳይፈታ መጀመሪያ ኮስቲክ፣ ቀጥሎ ውሃ እየዞረበት ይጸዳል። በመሀል የፓምፑ ጓርኒሲዮን፣ መጋጠሚያውን የሚያሽገው ማለት ነው፣ ማፍሰስ ጀመረ። ከፓምፑ በፊት ሁለት ቫልቮች አሉ። ጎን ለጎን ናቸው፣ ሥሪታቸው አንድ፣ ቀለማቸውም አንድ። ልዩነታቸው አንደኛው ላይ ትንሽ ቀይ ነጥብ መኖሩ ነው። ቀይ ማለት አደገኛው ነው ብዬ ባለ ነጥቡን ዘጋሁ። ከዚያ መጋጠሚያውን መፍታት ጀመርኩ።

ኮስቲክ ቆዳ ሲነካ ወዲያው ላያቃጥል ይችላል። ይህን ዛሬ ያዙልኝ። ሳሙና ነው የሚመስለው፣ ያሟልጫል። የቆዳችሁን ቅባት እውነትም ወደ ሳሙና እየቀየረው ነው። ታንኩ ገና ስላልሞቀ ፈሳሹ ቀዝቃዛ ነበር። እኔም ውሃ ነው ብዬ ክንዴን በቱታዬ ጠረግ አድርጌ ሥራዬን ቀጠልኩ። ማንገብገብ የጀመረው ከደቂቃዎች በኋላ ነው። አንዲት የላቦራቶሪ ሠራተኛ ስጮህ ሰምታ መጣች። ጎትታ ቧንቧ ሥር አቆመችኝና ሃያ ደቂቃ ሙሉ አላስወጣችኝም። ክንዴ የተረፈው በእሷ ነው። ጠባሳው ይኸውና።

ጋሼ ሲመለሱ የነጥቧን ነገር ጠየቅኳቸው። «እሷማ የልጄ የጥፍር ቀለም ናት» አሉኝ። «የውሃው የቱ እንደሆነ እንዳይጠፋኝ ምልክት ያደረግኩባት ነች።» ለሳቸው ቀይዋ ውሃ ነበረች። ቀጥለውም «አንተ ልጅ፣ ደውለህ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?» አሉኝ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ለቅሶ ቤት!

በጋሼ አልፈርድም። እንዲያውም በዚያ ፋብሪካ ምልክት ለማድረግ ያሰቡት እሳቸው ብቻ ናቸው። ችግሩ ምልክቱን ያደረጉት ለራሳቸው መሆኑ ነው። ቧንቧ ላይ የሚጻፈው ግን ቧንቧውን ለማያውቅ ሰው ነው። የሚያውቀውማ ያውቀዋል።

ያ የማያውቅ ሰው ማነው? አዲስ ተቀጣሪ ብቻ አይምሰላችሁ። ከሌላ ክፍል ለአንድ ቀን የተዋሰ ቴክኒሻን ነው። ጢሱን እየሰነጠቀ የሚገባ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው። ኬሚካል ጭኖ በምሽት የሚደርስ የቦቴ ሾፌርም ነው። በዚህ በመጨረሻው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ነገሩን እዚህ ከተማ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሾፌሩ ይደርሳል፣ ተረካቢው የለም፣ ዘበኛው በአገጩ ይጠቁመዋል፤ «ያ በግራ በኩል ያለው ነው መሰለኝ።»

ሰኔ 29 ቀን 1980 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ካምልፎርድ በምትባል ከተማ አቅራቢያ የሆነው ከዚህ ብዙም አይርቅም። ለመጠጥ ውሃ ማጣሪያ የሚያገለግል 20 ቶን አልሙኒየም ሰልፌት የጫነ ቦቴ ደረሰ። ሾፌሩ የዘወትሩ ሾፌር አልነበረም፣ ተተክቶ የመጣ ነው። ጣቢያው ላይ ሰው የለም። ቁልፍ ተሰጥቶታል፣ ታንኩ በግራ በኩል እንደሆነም ተነግሮታል። ቁልፉ ደግሞ ሌላውንም መክደኛ ይከፍታል። ኬሚካሉን የገለበጠው ተጣርቶ ወደ ሕዝብ የሚሄደው ውሃ ውስጥ ነበር። ወደ 20 ሺህ የሚጠጋ ሰው የሚጠጣው ውሃ ተበከለ። በሾፌሩ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። ቁልፉ ከፍቷል፣ ታንኩ በግራ ነው። ምን ይጠራጠራል?

ሁለተኛው ታሪክ እናቶቻችን ከሚያውቁት ነገር ጋር የተያያዘ ነው። በረኪናና አሲድ አይቀላቀሉም። ቤት ውስጥ ሽንት ቤት ስታጥብ የቀላቀለች ሴት እያሳላት ወደ ውጭ የሮጠችበትን ቀን ትነግራችኋለች። የሚወጣው ጋዝ ክሎሪን ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2009 ዓ.ም. አሜሪካ ካንሳስ ግዛት አችሰን ከተማ ውስጥ አንድ ፋብሪካ ይህንኑ በቦቴ መጠን አደረገው። የአሲዱና የበረኪናው መቀበያ አፎች የሚራራቁት 46 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር። መልካቸው ይመሳሰላል፣ በቅጡ የተጻፈባቸው ነገር የለም። ኦፕሬተሩ የአሲዱን ቁልፍ ከፍቶ ሄደ። የበረኪናው ቁልፍም ክፍት እንደነበር ግን ልብ አላለም። ሾፌሩ ሰልፈሪክ አሲዱን በረኪናው ላይ ለቀቀው። አረንጓዴ የመሰለ ደመና ተነሳ። ከ140 የሚበልጡ ሰዎች ሕክምና ፈለጉ፣ በሺዎች የሚቆጠር ነዋሪም ወይ ቤቱን ዘግቶ ተቀመጠ ወይ አካባቢውን ለቀቀ። ሁለት የጽሑፍ ሰሌዳ ስንት ብር ነው?

እሺ፣ እንለጥፍ ተባለ እንበል። በምን ቀለም? እዚህ ላይ የኛ አገር ጣጣ ይመጣል። ማሽኖቻችን ከቻይናም፣ ከጀርመንም፣ ከጣሊያንም፣ ከሕንድም ይመጣሉ። እያንዳንዱ አገር የራሱን የቀለም ልማድ ይዞ ነው የሚመጣው። በእንግሊዞቹ ደረጃ ስቲም የብር ዓይነት ግራጫ ነው። በጀርመኖቹና በቻይናዎቹ ደግሞ ቀይ ነው። እንግሊዝና አሜሪካ ጋ ስትሄዱ ቀይ የእሳት ማጥፊያ መስመር ነው። እንግዲህ አስቡት፣ እሳት ተነስቶ አንዱ ወደ ቀዩ ቧንቧ ሲሮጥ። የሚከፍተው ውሃ ነው ወይስ ስቲም?

ግራጫውም ሰላም አይሰጥም። የጀርመንና የቻይና ግራጫ አየር ነው፣ የእንግሊዝ ብርማ ግራጫ ግን 160 ዲግሪ ያለፈ ስቲም ሊይዝ ይችላል። ለእኛ ከተማ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሐምራዊው ነው። ሐይቃችን ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ የሚወጣበት ወንዝ የለውም። የገባበት ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም ፍሳሹን ወደ ውጭ ሳይለቅ አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ታስቦ ነው የተገነባው። ስለዚህ ተጣርቶ የተመለሰ ውሃ የሚሄድበት ቧንቧ በከተማችን እየበዛ ይሄዳል። አሜሪካኖች ለእንዲህ ዓይነቱ ውሃ ሐምራዊ ይቀባሉ፤ ይታጠቡበት፣ ያጠጡበት፣ ግን አይጠጡት ማለታቸው ነው። እንግሊዞችና ቻይናዎች ጋ ሐምራዊ አሲድ ወይም እንደ ኮስቲክ ያለ አልካላይ ነው። አንዱ ባለሙያ «የአትክልት ውሃ» ብሎ የሚያነበውን ሌላው «ክንድ የሚልጥ» ብሎ ያነበዋል።

ስለዚህ የኔ ምክር ይህ ነው። አንድ ደረጃ ምረጡ። የትኛውም ይሁን ግድ የለም፣ አንድ ይሁን ብቻ። ከማሽኑ ጋር የመጣው ቀለም ከመረጣችሁት ጋር ካልገጠመ ፋብሪካው የሸጠልን ነው ብላችሁ አትፈሩት፣ ቀቡት። የቀለሙን ትርጉም በሰሌዳ ጽፋችሁ በር ላይ፣ ቦይለር ቤት፣ መጸዳጃ ቤት አጠገብ ሳይቀር ስቀሉት። ሌላው ነገር፣ በቀለም ብቻ አትመኩ። ቀይና አረንጓዴ የማይለዩ ወንዶች ከምታስቡት በላይ ብዙ ናቸው። አብዛኞቹም ለማንም አይናገሩም። ቀለሙ ከሩቅ ያስጠነቅቃል፣ ስሙን የሚናገረው ጽሑፉ ነው።

ጽሑፉ ደግሞ በምን ቋንቋ? አንድ የማቅለሚያ ክፍል ሄጄ ነበር። ቧንቧዎቹ ላይ ያለው ጽሑፍ በሙሉ ቻይንኛ ነው። ልጆቹ ግን ተላምደውታል፤ «ባለ ሦስት ነጠብጣቡ ውሃ ነው» አለኝ አንዱ በሙሉ ልብ። እውነት አለው፣ በቻይንኛ በግራ በኩል ያሉት ሦስት ጭረቶች ከውሃና ከፈሳሽ ጋር የተያያዘ ነገርን ያመለክታሉ። ችግሩ ስቲም ሲጻፍም ያቺ ምልክት አለች። ዘይት ሲጻፍም አለች። ልጁ ብልህ ነው። በብልሃቱ ደግሞ ራሱን ሊቀቅል ነበር።

በኔ ግምት ሐዋሳ ላይ ቢያንስ ሲዳምኛና አማርኛ ያስፈልጋል፣ የውጭ ባለሙያ ካለ እሱ የሚያነበውም ይጨመራል። ቦታ ይጠባል የሚል አለ። ቃሉን አሳጥሩት እንጂ ቋንቋውን አትቀንሱ። ቃል ስትመርጡ ደግሞ ሠራተኛው አፉ ላይ ያለውን ውሰዱ። «እንፋሎት» ብሎ ጽፎ ሁሉም «ስቲም» እያለ የሚጠራው ከሆነ «ስቲም» ብላችሁ ጻፉ። የአማርኛ መምህራን ይቅር ይበሉኝ።

ስም ብቻውንም አይበቃም። «ውሃ» የሚል ጽሑፍ ያየሁበት ቧንቧ ነበር፣ የያዘው ግን ኮንደንሴት ነው፤ ስቲም ወደ ውሃነት ተቀይሮ ሲመለስ ማለት ነው። ውሃነቱ አይካድም። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ክፍት ብረት ድስት ላይ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ግፊት ያለበት ቧንቧ ውስጥ ግን ከመቶ በላይም ሊሆን ይችላል፣ ሲከፈት ነው ወደ ስቲም የሚፈነዳው። ስለዚህ «ኮንደንሴት፣ ሙቅ» ተብሎ ይጻፍ። ግፊቱና ሙቀቱ ከታወቀ ቁጥሩም ይግባ። ፈሳሹ ወዴት እንደሚሄድ ደግሞ ቀስት። በሁለቱም አቅጣጫ የሚሄድ ከሆነ ሁለት ቀስት።

የት ይለጠፍ ለሚለው ራሳችሁን በሰውየው ቦታ አድርጉ። ሰውየው የሚቆመው ቫልቭ ጋ ነው፣ እዚያ ይኑር። ቧንቧው ሲታጠፍ ሐሳቡ ይሰናከላል፣ እዚያም። ግድግዳ በስቶ ሲገባ በዚህም በዚያም ጎን። ቀጥ ብሎ ረጅም ከሄደ የአሜሪካኖቹ ልማድ በየ7 እስከ 15 ሜትሩ መድገም ነው። ቧንቧው ከራስ በላይ ከሆነ ጽሑፉ ወደ ታች ወረድ ይበል፤ ጣሪያው እንዲያነበው አይደለም። የፊደሉ መጠን ደግሞ በቧንቧው ልክ ነው። ለ2 ኢንች ቧንቧ 19 ሚሊ ሜትር፣ ለ4 ኢንች 32 ሚሊ ሜትር ያህል ቁመት ያለው ፊደል ይመከራል። ስቲከር መግዛት ካቃተ ስቴንስል አለ። እኛ አሮጌ የራጅ ፊልም ላይ ፊደል ቀርጸን በስፕሬይ ነበር የምንቀባው። ውጭ ፀሐይ ላይ ያለው ግን ቶሎ ይገረጣል፣ በተለይ ቀዩ። በዓመት አንዴ እየዞራችሁ እዩት።

ቫልቭ ላይ ስንመጣ ነገሩ ይለያል። ለቫልቭ ቁጥር ስጡት። ቁጥሩን በናስ ወይም በማይዝግ ቆርቆሮ ላይ ቀርጻችሁ በሽቦ እሰሩት። እጀታው ላይ ግን አትሰሩ። እጀታ ይፈታል፣ ይሰበራል፣ ከሌላ ቫልቭ ላይ ተነቅሎ ይገጠማል። ያኔ ቁጥሩም አብሮ ይሰደዳል። አካሉ ላይ እሰሩት። እጀታ ሌላም ጊዜ ይዋሻል። ባለ ዘንግ ቫልቭ ዘንጉ ከቧንቧው ጋር ከተጋደመ ክፍት፣ ከተሻገረ ዝግ ነው ብለን ነው የምናውቀው። ሜካኒኩ ፈትቶ ዘንጉን አዙሮ ከገጠመው ግን ተገላቢጦሽ ነው። ከጥገና በኋላ ይህን ሳታዩ አትሂዱ።

ቁጥሩ ብቻውን ደግሞ የባጃጅ ታርጋ ነው። ደብተር ይፈልጋል። ቫልቭ 37 የት ነው? ምን ያቆማል? ሁልጊዜ ክፍት ነው ወይስ ዝግ? ሲዘጋ ማን ይጎዳል? እነዚህ አራት ጥያቄዎች መልስ ካላቸው ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ለቅሶ ቤት አይደወልም።

ሕጉን በአጭሩ ልለፈው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛውን በሥራው ላይ ስላለው አደጋ የማስተማርና የማሳወቅ ግዴታ ይጥልበታል። የደኅንነት ኮሚቴም ይጠይቃል። ኃላፊያችሁ «ለቀለም በጀት የለም» ካላችሁ ይህን በትሕትና አስታውሱት። በትሕትና ነው ያልኩት።

ጥያቄና መልስ ላይ አንዲት የሺፍት ኃላፊ ተነስታ «ከየት እንጀምር? የኛ ቧንቧ እኮ እንደ ሸረሪት ድር ነው» አለችኝ። ልክ ነች። ከሁሉ አትጀምሩ። ቢፈስ ሰው ከሚገድለው ጀምሩ፤ አሞኒያ፣ ጋዝ፣ አሲድ፣ ኮስቲክ፣ ስቲም። ፋብሪካው በቆመበት እሑድ ሁለት ሁለት ሰው ይውጣ። አንዱ ቧንቧውን ከምንጩ እስከ መጨረሻው በእግሩ ይከተል፣ ሌላው ይጻፍ። መጀመሪያ በጠመኔ፣ ከተረጋገጠ በኋላ በቀለም። ምን እንዳለበት ለማወቅ ተብሎ አይከፈትም። ይህን ሁለቴ እላለሁ፤ ለማወቅ ተብሎ አይከፈትም።

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወጣት ደግሞ «እነ ጋሼ እውቀታቸውን የሚሰጡ ይመስልሃል? እሱ እኮ ነው የሚያስከብራቸው» አለ። ሳቅ ሆነ። ግን ከባድ ጥያቄ ነው። የኛን ጋሼ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር ሲቀራቸው ነበር የጠየቅናቸው። መጀመሪያ ተኮሳተሩ። በኋላ «ደብተሩ ላይ ስሜ ይጻፋል?» አሉ። ይጻፋል አልናቸው። ሁለት ሳምንት አብረን ዞርን። እሳቸው እየዳሰሱ ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፣ አንድ ልጅ ቆርቆሮውን ያስራል። ቡና ሰዓት ላይ ራሳቸው እየጎተቱ ይወስዱን ጀመር።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ ከቦይለር ቤቱ ጀርባ አንድ ቧንቧ ጋ ደረስን። በእጃቸው ጀርባ ዳሰሱት። ዝም አሉ። እንደገና ዳሰሱት። «ይሄን አላውቀውም» አሉ። እንዲህ ሲሉ ስሰማቸው የመጀመሪያዬ ነው። በጠቅላላው ሦስት ቧንቧዎች ነበሩ እሳቸውም የማያውቋቸው። ሁለቱን በኋላ ደርሰንባቸዋል፣ ድሮ የተተወ የውሃ መስመር ናቸው። ለሦስተኛው ጋሼ ራሳቸው ቆርቆሮ ቆርጠው፣ በራሳቸው እጅ «ያልታወቀ፣ እንዳይከፈት» ብለው ቀርጸው አሰሩበት። ያንን ፋብሪካ ስለቅ ቆርቆሮው እዚያው ነበር።